ለማንም የማይነበብ ቁጥር

ባለፈው ሳምንት ስንለያይ ቀደዳ አዳራሹ ፊት ቆሞ፣ ማይክሮፎን በአንድ እጁ፣ ስልክ በሌላ እጁ ይዞ፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ነበር። እዚያው ገትረነው ሄድን። አዲስ የገባ አንባቢ ካለ ወንበር ይሳብ። ነገሩ ረጅም አይደለም፤ የማስረዝመው እኔ ነኝ።

ቀደዳ የሕንፃ ንድፍ በሚሠራ ቢሮ ውስጥ የኔትወርክ ሠራተኛ ነው። ሌላ ስም አለው፤ ግን የሚጠራው ስለሌለ ራሱም ሳይረሳው አይቀርም። ይህን ስም ያተረፈው በአፉ ነው። አንድ ቀን አርፍዶ መጣና ኃላፊው፣ ሁሉም እትዬ የሚሏቸው ሴትዮ፣ "የት ነበርክ?" ቢሉት፣ "ሊፍቱ ውስጥ ተቀርቅሬ ነበር። በጣም ስለቆየሁ ጢሜ አደገ። ስወጣ ጥበቃው መታወቂያህን አሳይ አለኝ፤ መታወቂያዬ ላይ ደግሞ ጢም የለም" አላቸው። ሕንፃው ሊፍት የለውም።

መሐንዲሷ የዚያው ቢሮ ሠራተኛ ናት፤ ቢሮው ውስጥ ግን የለችም። አባቷ፣ ጡረታ የወጡት ዳኛ፣ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ እሳቸውን ልታስታምም ወደ ተወለደችበት ከተማ ሄዳለች፤ በአውቶቡስ ግማሽ ቀን ያስኬዳል። ኮምፒውተሯን የአባቷ ምግብ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ ቪፒኤን በሚሉት መስመር በየጠዋቱ ወደ ቢሮው ትገባለች፤ ንድፎቹ ያሉት እዚያ ነውና። ቀደዳ የተቀጠረው እሷ ከሄደች በኋላ ነው። መስመሩንም ያስተካከለላት በስልክ እየተነጋገሩ ነው። ዓይን ለዓይን ተያይተው አያውቁም።

ታዲያ አንድ ሌባ የአንዱን ሠራተኛ የይለፍ ቃል ሰርቆ በዚሁ መስመር ገብቶ ቤቱን ሲበረብር ተያዘ። እትዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ የይለፍ ቃል ብቻውን በር አይከፍትም አሉ። እያንዳንዱ ሰው ስልኩ ላይ በየግማሽ ደቂቃው የሚቀያየር ቁጥር ይኖረዋል፤ ሁለቱን ያላሟላ ከውጭ አይገባም። ቁጥሩን ስልክ ላይ ለመትከል ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ የሚወጣውን የነጠብጣብ ሥዕል በስልክ ካሜራ ማንሳት ነው። የመሐንዲሷ ስልክ ግን አባቷን ስታጥብ ውኃ ውስጥ ወድቆ ካሜራው ታውሮ ነበር።

"ሥዕሉ እዚህም ይታየኛል፤ ለዛሬ የኔ ስልክ ላይ ላስገባው። ነገ እናዛውረዋለን" አላት ቀደዳ።

ያ ነገ የተባለው ቀን የት እንደገባ እስካሁን የሚያውቅ የለም። ዝናቡ አልፎ ፀሐይ፣ ፀሐዩ አልፎ ንፋስ መጣ። እሷ ጠዋት ጠዋት ትደውላለች።

"ቁጥሩን።"

"መጀመሪያ እንደምን አደርክ በይ።"

"እንደምን አደርክ፤ ቁጥሩን!"

ያነብላታል። ትገባለች። ስልኩ ግን አይዘጋም። ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች፤ እሱ መቅደዱን ይጀምራል። አንድ ጠዋት አንዲት አይጥ የኔትወርኩን ገመድ እየበላች በውስጡ የሚያልፈውን ንድፍ ሁሉ ስለተማረች፣ አሁን ግቢው ጥግ ባለ አንድ ፎቅ ቤት እያቆመች ነው አላት። ከበስተኋላ የማያውቀው ወፍራም ድምፅ፣ "ፈቃድ አላት?" ብሎ ጠየቀ። ዳኛው ነበሩ። ከወደቁ ወዲህ የመጀመሪያ ቀልዳቸው ነው ብላ ቆይታ ነገረችው፤ ስትነግረው ድምፅዋ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየለትም።

አሁን ወደ አዳራሹ እንመለስ።

ቀደዳ በዚያ ዕለት ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ እያስተማረ ነበር። "ይህ ቁጥር የግላችሁ ነው። ለማንም አታንብቡ። ለእናታችሁም! እኔ ራሴ ደውዬ አንብቡልኝ ብላችሁ እንኳ፣ ጆሮዬ ላይ ዝጉት!" ጭብጨባው ሳያልቅ ስልኩ ጮኸ። የለመደ እጅ መቼ ያስባል? አነሳና፣ ማይክሮፎኑ አፉ ሥር እንዳለ፣ "አራት፣ ዜሮ፣ ሰባት፣ ሰባት፣ ሁለት፣ አንድ። ቶሎ በይ፣ ቁጥሩ ሊሞት ነው፣ የኔ መሐንዲስ" አለ።

ሳቁ ሲፈነዳ መስኮቱ ላይ የነበሩት እርግቦች ተነስተው እስከዛሬ አልተመለሱም። እትዬ ብቻ አልሳቁም። በጣታቸው ጠሩት።

ክፍላቸው ገብቶ በሩ ሲዘጋ መነጽራቸውን አወለቁ። "ስንት ሰው አለ ስልክህ ውስጥ?"

"አንድ ሰው ብቻ ናት፣ እትዬ። ያውም ቦታ አትይዝም።"

"አትቀልድብኝ። ሁለተኛው ማረጋገጫ ለምን አስፈለገ? ያስተማርከን አንተ ነህ።"

"የገባው ሰው ራሱ ባለቤቱ መሆኑ እንዲታወቅ።"

"እሷ መሆኗን ታዲያ ማን ነው የሚያውቀው?"

"እኔ።"

"በምን?"

ቀደዳ ወለሉን አየ። እንቅልፍ አጥታ ያደረች ለታ "ቁጥሩን" የምትለው ቃል መሀሉ ላይ እንደሚሰበር፣ አባቷ ጥቂት የተራመዱ ለታ ደግሞ ያው ቃል ጫፉ ላይ ወደ ላይ እንደሚነሳ ሊነግራቸው አሰበ። ይህን ለአለቃ እንዴት ብለው ይናገሩታል?

"በድምፅዋ" አለ።

እትዬ መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ። ፊታቸው የቁጣ አልነበረም። "ድምፅ ይሰረቃል፣ ልጄ። ሰውም በድምፅ ይሰረቃል። ቁጥሩ ወደ ባለቤቱ እጅ ይሂድ። ፊቷን ሳታይ፣ መታወቂያዋን ሳትይዝ እንዳትመዘግባት፤ እሷ በሽተኛ ጥላ መምጣት ካልቻለች አንተ ሂድ። ሰኞ ጠዋት ስልክህ ላይ ያንተ ቁጥር ብቻ ካልሆነ ወንበርህ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል።"

ሥራው አላሳሰበውም ብል ዋሸሁ፤ ውሸት ደግሞ የሱ እንጂ የኔ ድርሻ አይደለም። ግን ከክፍሉ ሲወጣ ደረጃውን የዘጋበት ሌላ ሐሳብ ነው። ቁጥሩ እጇ ከገባ ነገ ጠዋት ለምን ትደውላለች?

ከሰዓት በኋላ ራሱ ደወለላት።

"አዳራሹ ሲስቅ ሰማሁ" አለች ገና ሃሎ ሳይል። "'የኔ መሐንዲስ' ያልከው ለሕዝቡ ነው ለኔ?"

"ማይክሮፎኑ ነው ያለው። አዲስ ነው፣ ገና አልተገራም።"

አልሳቀችም። ቀደዳ ስልኩን ከጆሮው አንስቶ አየው፤ የተቋረጠ መስሎት።

"አባባም ሰሙ" አለች። "ምን እንዳሉ ታውቃለህ? 'ይህ ልጅ ያለው አንድ ምስክር ነው፣ እሱም አፉ። በእኔ ችሎት አንድ ምስክር ብቻውን ቆሞ ሲምል፣ ሌላውስ እል ነበር' አሉ።"

"አንቺስ ምን አልሽ?"

"እኔማ ምን እላለሁ። የሳቁት እኮ ባንተ ብቻ አይደለም።"

በዚህ ጊዜ ስለ እትዬ ትእዛዝ ነገራት። ቅዳሜ እንደሚመጣ፣ ቁጥሩን ወደሷ ስልክ እንደሚያዛውር፣ ከዚያ በኋላ እንደማትቸገር። 'አትቸገሪም' የሚለውን ቃል ለምን እንደጨመረው ራሱም አያውቅም።

"ይሻልሃል" አለች በቀጭን ድምፅ። "በየጠዋቱ ከምነዘንዝህ።"

"አዎ... ባትሪዬንም ይጨርሳል።"

ባትሪ! ያን ያህል ወሬ የሚያመርት አፍ፣ ሊፍት በሌለበት ሊፍት የሚያቆም አፍ፣ በዚያች ሰዓት ያገኘው ባትሪ ብቻ ነበር። "እሺ ና" ብላ ዘጋች። እሱ ወንበሩ ላይ ቀረ። እሷም እዚያ ማዶ፣ ኮምፒውተሯ ላይ ግማሽ የቀረ ምሰሶ ተከፍቶ፣ መስመር ሳትስል ቆየች። እንደተነዘነዘ ነው የቆጠረው ማለት ነው፣ አለች በልቧ። እሱም በልቡ፣ የፈለገችው ቁጥሩን ብቻ ነበር ማለት ነው አለ። ሁለቱም ተሳስተው፣ ሁለቱም እኩል ከፋቸው።

ቅዳሜ አውቶቡሱ ውስጥ ከጎኑ የተቀመጡት ሴትዮ ወሬ ቢጀምሩለት አልመለሰም። የሚያውቁት ሰዎች ይህን ቢያዩ ሐኪም ይጠሩ ነበር። ስልኩን አውጥቶ አንድ ፎቶ ሲያይ ሄደ። ዳኛው መስኮት አጠገብ በብረት መደገፊያ ቆመው፣ ከአልጋ ከተነሱ በኋላ የመጀመሪያውን እርምጃ ሲራመዱ መሐንዲሷ አንስታ የላከችለት ነው። ደጋግሞ አየው። የሚያየው ግን ዳኛውን አልነበረም፤ ፎቶው ምን ያህል ጥርት እንዳለ ነው።

በሩን የከፈቱት ዳኛው ራሳቸው ናቸው፤ በመደገፊያቸው፣ ክራቫት አስረው።

"ማን ነህ?"

"ከቢሮ የመጣሁ ነኝ፣ አባባ። የኔትወርክ ሠራተኛው።"

"መሆንህን በምን ላውቅ?"

መታወቂያውን ሰጣቸው። አርቀው አዩት፣ አቅርበው አዩት፣ ፊቱንና ፎቶውን አመሳከሩ። "ይህ አንድ ነው። ወረቀት ማንም ያሠራል። ሁለተኛስ?"

ቀደዳ ላቡን ጠረገ። ሁለት ማረጋገጫ እያለ ቢሮውን ሁሉ ሲያስጨንቅ የከረመ ሰው፣ ለራሱ አንዲት ሁለተኛ አጣ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "ያቺ አይጥ... ፈቃዱን እስካሁን አላወጣችም" አለ።

የዳኛው ከንፈር በአንድ ጎኑ ተንቀሳቀሰ። "ፎቁስ ቆመ?"

"ምሰሶው ወደ ግራ ዘሟል። መሐንዲስ ላማክር ነው የመጣሁት።"

"ግባ" አሉት።

እሷ ከጠረጴዛው ኋላ ተነስታ ቆማ ነበር። ፀጉሯን ለሥራ እንደምትጠቀልለው በእርሳስ ጠቅልላዋለች። ሁለቱም ሰላም ማለት ረሱ። ለካ በድምፅ ብቻ የሚያውቁትን ሰው ፊት ማየት፣ ለብዙ ጊዜ ከውጭ ብቻ ያዩትን ቤት ገብቶ እንደማየት ነው፤ መስኮቱን ያውቁታል፣ ብርሃኑ በየት በኩል እንደሚገባ ግን አያውቁም።

"ድምፅሽ ከዚህ ይረዝም ነበር" አለ በመጨረሻ።

"ያንተ ደግሞ ከዚህ ያምር ነበር።"

ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ መስኮቱ ወንበራቸው ሄዱ። ጀርባቸውን ሰጡ፤ ጆሯቸውን ግን አላዞሩም።

ቀደዳ መታወቂያዋን ተቀብሎ አየ፣ መለሰ። ኮምፒውተሯ ላይ ገጹን ከፈተ። የነጠብጣቡ ሥዕል ወጣ። እሷ ስልኳን አንስታ ወደ ሥዕሉ አዞረችው፤ ስልኩ ጢክ አለ፤ ቁጥሩ ስልኳ ላይ ተቀመጠ። አለቀ። ያን ሁሉ ወራት የዘገየው ሥራ ከማስነጠስ ያነሰ ጊዜ ወሰደ።

ሁለቱም ስልኩን አዩ።

"ካሜራው ይሠራል" አለ ቀደዳ።

"ከተሠራ ቆየ።"

"አውቃለሁ። የአባባን ፎቶ የላክሽልኝ በሱ ነው።"

ቀና አለች። "እና ለምን ዝም አልክ?"

"አንቺስ?"

"አንተ ቅደም።"

እዚህ ላይ ቀደዳ አፉን ሲከፍት፣ ውሸቶች ሁሉ እንደ ታክሲ ረዳት እየተሻሙ መጡ። አንዱ ኔትወርኩ ነው በል አለው፤ ሌላው እትዬን አሳብ አለው። ሁሉንም ባዶ እጃቸውን መለሳቸው።

"ካሜራም አያስፈልግም ነበር" አለ። "ከሥዕሉ ሥር ረጅም የፊደል ቁልፍ ይወጣል። ካሜራ የሌለው ሰው በጣቱ ይጽፈዋል። የመጀመሪያው ቀን አንብቤልሽ ልትጽፊው ትችይ ነበር። እያወቅሁ ዋጥኩት። መጀመሪያ ለአንድ ቀን ነበር። ከዚያ አንድ ጠዋት ዘግይተሽ ደወልሽ፤ እስክትደውይ ድረስ እጄ ሥራ አልያዘልኝም። እንዲህ መሆኔን ሳውቅ ነገ የሚለውን ቃል ተውኩት።"

መሐንዲሷ እርሳሱን ከፀጉሯ መዘዘች፤ ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ ወረደ። "ቁልፉን በዚያው ቀን አይቼዋለሁ" አለች። "መሐንዲስ ነኝ እኮ። ከሥዕል ሥር የተጻፈ ሳላነብ አላልፍም።"

 የሆነ ቦታ ውኃ ይንጠባጠባል። ቀደዳ ሊስቅ ጀምሮ ተወው።

አንድ ሥራ ቀርቶ ነበር። የራሱን ስልክ አውጥቶ የሷን ቁጥር ነካ። ስልኩ፣ ይጥፋ ወይ፣ ከጠፋ አይመለስም ብሎ ጠየቀ።

"ባታጠፋውስ?" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። "ሁለታችንም ጋ ይኑር። እትዬ ስልክህን ይፈትሻሉ እንዴ?"

"አይፈትሹም።"

"ታዲያ?"

ጣቱ ከስልኩ በላይ ተንሳፎ ቆየ። "በርሽን ይዤብሽ ነበር" አለ። "በየጠዋቱ የምታንኳኪው እኔ ስለያዝኩት ነው። እኔ ደግሞ በከፈትኩልሽ ቁጥር ስትስቂ፣ የሳቀችው ለኔ ነው እያልኩ ከረምኩ። እንዲህ ከቀጠልን፣ የምትደውይው ፈልገሽ ይሁን ቸግሮሽ ዕድሜ ልኬን አላውቅም። አባባ የጠየቁት ሁለተኛ ምስክር የለኝም። ያለኝ ይህ ቁልፍ ነው። እንኪ።"

ነካው። ቁጥሩ ጠፋ።

መሐንዲሷ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ዓይኗ ሞልቶ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። ቀደዳ መዞሯን ለመተርጎም አቅም አልነበረውም፤ ቦርሳውን አነሳ።

"ቁጥሩን ለማንም እንዳታነቢ" አላት በሩ ጋ ደርሶ። ሌላ የሚናገረው ጠፍቶት ነው። "ለእኔም።"

"ላንተም?"

"በተለይ ለእኔ።"

ዳኛው ከመስኮቱ ሳይዞሩ፣ "አውቶቡሱ እንዳያመልጥህ" አሉ። ቀደዳ ወጣ። ጠረጴዛው ላይ የሷ ስልክ በራ፤ ቁጥሩ ተቀየረ፣ እንደገና ተቀየረ። የሚያነበው ሰው ባይኖርም መቀየሩን አልተወም፤ ልቧም እንዲሁ።

ሰኞ ጠዋት ቀደዳ ከጥበቃው ቀድሞ ገባ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ድምፁን ጨመረ። ሙሉ ባትሪ አለው፤ ይረገም ያ ባትሪ። እትዬ ብቅ ብለው ስልኩን ተቀብለው አዩ። በውስጡ ያለው የሱ ቁጥር ብቻ ነው። ትከሻውን ቸብ አድርገው ሄዱ። ወንበሩ ተረፈ።

ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ የውጭ ሠራተኞች አንድ በአንድ ሲገቡ ማየት ጀመረ። መሐንዲሷ ገባች። በይለፍ ቃሏ፣ በቁጥሯ፣ ያለማንም። አረንጓዴ ምልክቷ በራ። ስልኩ ዝም አለ።

ደህና ነው፣ አለ ለራሱ። ሥራዬ በትክክል ሠራ ማለት ነው። ሰው ሥራው በትክክል ሲሠራ ይደሰታል። ሻይ ቀዳ፤ አልጠጣውም። አንዲት ባልደረባው፣ "ቀደዳ፣ ዛሬ ምን ሆነህ ነው? ሊፍቱ ያዘህ እንዴ?" ብላ ነካካችው። "ሊፍት የለም እኮ" አላት። ሴትየዋ ደንግጣ ግንባሩን ልትዳስስ እጇን ዘረጋች። የዛሬው ቀን ይህን የመሰለ ከሆነ ነገም፣ ከነገ ወዲያም እንዲሁ መሆኑ ነው እያለ ያልተጠጣውን ሻይ አፍጥጦ አየው።

ስልኩ ጮኸ።

"ሦስት፣ ዘጠኝ፣ ዜሮ፣ አምስት፣ አምስት፣ ስምንት" አለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

ቀደዳ ከወንበሩ ተነሳ። "ለማንም አታንብቢ አላልኩሽም?"

"ብለሃል።"

"ለእኔም አላልኩም?"

"በተለይ ላንተ ብለሃል። ገብቼ ሥራዬን ከጀመርኩ ቆየሁ። ምንም አልቸገረኝም። ምንም ሳይቸግረኝ ነው የደወልኩት፤ ሰማህ?" ትንፋሿ ተቆራረጠ። "የይለፍ ቃሌን ግን አትሰማትም። እሷ የራሴ ናት።"

"ሰማሁ።"

"አንተ ከሄድክ በኋላ አባባ እሑድን ሙሉ ሲያወጡ ሲያወርዱ ዋሉ። ማታ እራት ላይ፣ 'የያዘውን ቁልፍ ሳይጠየቅ የሚመልስ ሰው በችሎቴ ብዙ አልገጠመኝም' አሉ። ከዚያ ዛሬ ጠዋት ክራቫታቸውን አስረው ጠረጴዛው ጋ ተቀመጡ።"

ከበስተኋላ ወፍራሙ ድምፅ መጣ። "ከፍ አድርጊው እንጂ! አይጧ ምን ላይ ደረሰች?"

ቀደዳ ሳቀ፤ ሲስቅ ዓይኑ ፈሰሰ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀድደው አጣ። "ዛሬ ምንም የለኝም፣ አባባ" አለ። "ዛሬ እውነት ብቻ ነው ያለኝ።"

"እሱም ይሰማል" አሉ ዳኛው።

"ያነበብሽልኝ ቁጥር ግን ሞተ" አላት።

"ቆይ" አለች በቀስታ፣ ከንፈሯ ስልኩን ሊነካ ደርሶ። "አትዝጋ። ሌላ እየመጣ ነው።"

ሁለቱም ትንፋሻቸውን ይዘው ጠበቁት።